ወፍጮ ቤቱ ጋ ሳልታጠፍ ያለፍኩበት እሑድ

ይህን የምጽፈው ለመመስገን አይደለም። አንብባችሁ ስትጨርሱም ብዙ የሚያስመሰግን ነገር አታገኙበትም። አንድ እሑድ ጠዋት በእግሬ የሳትኩትን መንገድ በአፌ ሳላርመው አምስት ቀን ይዤው ሰነበትኩ። እነዚያ አምስት ቀናት ከዚያ በፊት ከኖርኳቸው አርባ አንድ ዓመታት ይበልጥ ማን እንደሆንኩ አሳዩኝ። ፍርዱን ለእናንተ ትቼ እኔ የሆነውን ልናገር።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከስምንት ዓመት በፊት የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ሆኜ ወላይታ ሶዶ ሆስፒታል ስመደብ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼ ወደ አገሬ እዛወራለሁ ብዬ ነበር። ዝውውሩ አልመጣም፤ እኔም መጠየቁን ተውኩት። ሶዶ ለእንግዳ የምትከብድ ከተማ አይደለችም። ገበያው፣ ቢሮው፣ ባጃጁ አማርኛ ይናገራል። ስምንት ዓመት ሙሉ ወላይትኛ ሳልማር የኖርኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። አማርኛ የማይችል ታካሚ ሲመጣ ወረፋ ላይ ካሉት አንዱ ይተረጉምልኛል፤ እኔ ክንዱን አስሬ ደም እቀዳለሁ፤ በቃ። ስሜን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። እዚህ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ "ሲስተር" ናት።

ሩጫ የጀመርኩት በራሴ ደም ምክንያት ነው። አንድ ቀን ማሽኑ በትክክል መሥራቱን ለማየት ከራሴ ጣት ደም ወስጄ ብለካው ስኳሬ ከሚገባው በላይ ሆኖ አገኘሁት። እናቴን የወሰዳት ስኳር ነው። በማግስቱ ንጋት ላይ የስፖርት ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ከቤቴ ተነስቼ ወደ ዳሞታ ተራራ ግርጌ የሚወጣውን አስፋልት ይዤ፣ በወፍጮ ቤቱ በር ቀጥ ብዬ አልፌ፣ በነዳጅ ማደያው በኩል ቁልቁል ወደ ቤቴ። ይህ መንገዴ ሆነ። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ የከፍታ አየር አይበግረኝም ብዬ ነበር፤ የዳሞታ ዳገት ግን የማንንም ትውልድ አይጠይቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መሐል መንገድ ላይ ጉልበቴን ይዤ የምቆምበት ጊዜ ብዙ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያንን ዳገት ብቻዬን ወጣሁት፤ ስወጣ የሚሸኘኝ፣ ስወርድ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ የከተማው የሰባት ኪሎ ሜትር የጎዳና ላይ ሩጫ መጣ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ በሆኑ ሴቶች ምድብ አንደኛ የምትወጣው ዋንጫ ትወስዳለች፤ በሳምንቱ ደግሞ ሐዋሳ ላይ በሚደረገው ውድድር ከዞኑ ቡድን ጋር ትሰለፋለች ተባለ። የላብራቶሪ ኃላፊያችን አቶ ማቴዎስ ሳይጠይቀኝ አስመዘገበኝ። የሶዶ ተወላጅ ነው፤ ሲያወራ መሳቅ፣ ሲስቅ መምከር ይወዳል። "ጥሩዬ፣ ሦስት ዓመት ከውሻ ጋር ስትሮጪ አይተናል፤ አሁን ከሰው ጋር ሩጪ" አለኝ።

እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። ወጣቶቹ ቀድመው ተለቀቁ። እኛ ሃያ የምንሆን ሴቶች በመነሻው መስመር ላይ ስንቆም አስተባባሪው በድምፅ ማጉያ፣ መጀመሪያ በወላይትኛ ቀጥሎ በአማርኛ፣ መንገዱን አስረዳን። ዳገቱን ትወጣላችሁ፤ ወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ፤ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞራችሁ ወደ አስፋልቱ ትመለሳላችሁ፤ ከዚያ ቁልቁል በማደያው በኩል ወደ ስታዲየም። በደንብ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ የማመካኝበት ነገር የለኝም።

በከፍታ ላይ ሩጫ ሁለት ነው፤ አንዱ እስከ ዳገቱ ድረስ ያለው፣ ሌላው ዳገቱ ላይ ያለው። እስከ ዳገቱ ሰባት ስምንት ሴቶች አብረን ሄድን። ዳገቱ ሲጀምር አንድ በአንድ ቀሩ። አየሩ ወደ ደረቴ እየገባ እንኳ የሚያጠግብ አልሆነም፤ በአፌም በአፍንጫዬም ብስበው ግማሹ መንገድ ላይ የሚቀር ይመስላል። ጆሮዬ ውስጥ ልቤ ይመታል። ከኋላዬ ግን አንዲት ሴት አልተለየችኝም። ዞሬ አላየኋትም፤ የጫማዋ ሶል ትንሽ የተላቀቀ ስለነበር ጠፍ ጠፍ ሲል ነው የምሰማት። ስፈጥን ትፈጥናለች፤ ስቀዘቅዝ ትቀዘቅዛለች። ሦስት ዓመት ብቻዬን በሮጥኩበት ዳገት ላይ አንድ ሰው እንዲህ ተጠግቶኝ አያውቅም። ፈራኋት፤ ደስም አለኝ።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ አንገቴን ደፍቼ ነበር። መታጠፊያው ላይ ገመድ ተወጥሮ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ አስተባባሪ መቆም ነበረበት። በኋላ እንደሰማሁት አንድ ባጃጅ ገመዱን በጥሶ ሲያልፍ ልጁ ሊያስቆመው ተከትሎ ሮጦ ነበር። ያኔ ግን ምንም አላየሁም። እግሬ ሦስት ዓመት የለመደውን መንገድ ያዘ። በወፍጮ ቤቱ በር ቀጥ ብዬ አለፍኩ።

ወዲያው ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ። "ስማ! ስማ!" ትላለች ሴትዮዋ።

እዚህ አገር ብዙ ሰው አማርኛ ሲናገር "አንተ"ና "አንቺ" ይቀላቀሉበታል፤ ስለዚህ "ስማ" መባሌ አልገረመኝም። ያናደደኝ ሌላ ነው። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ስሙኝ ብሎ መጮህ ምን ማለት ነው? ልታስቆመኝ ፈልጋ ነው አልኩ። ትንፋሼን ልትሰርቀኝ። ሦስተኛ ጊዜ "ስማ!" ስትል ጥርሴን ነክሼ ፍጥነቴን ጨመርኩ። ጠፍ ጠፍ የሚለው ድምፅ ጠፋ። ጣልኳት ብዬ በልቤ ፎከርኩ።

ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድኩ በስተግራ ካለው የኮረኮንች መንገድ ወጣት ሯጮች እየወጡ ወደ አስፋልቱ ሲገቡ አየሁ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። የእኔ ጫማ ንጹሕ ነው። የዚያን ጊዜ ገባኝ። እነሱ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞረው እየተመለሱ ነው፤ እኔ አልዞርኩም።

እዚህ ጋ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ታሪኩ ያለው እዚህ ነው። መቆም እችል ነበር። ወፍጮ ቤቱ ከኋላዬ ይታያል። ተመልሼ፣ ዞሬ፣ አራተኛ ወይም አምስተኛ ሆኜ መግባት እችል ነበር። እግሬ ግን አልቆመም፤ አእምሮዬም ለእግሬ ጥብቅና ቆመ። "ገመድ የለም፤ ገመድ ከሌለ ጥፋቱ የእኔ አይደለም" አለኝ። ቀጥሎ "መስመሩን ለውጠውት ይሆናል" አለ። በመጨረሻ "ደርሼ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። ሁለቱን አላመንኳቸውም። ሦስተኛውን አመንኩት፤ ያጠፋኝም እሱ ነው።

ስታዲየሙ ውስጥ ሪባኑ ደረቴ ላይ ተበጠሰ። "ከሆስፒታላችን! ሲስተር ጥሩወርቅ!" ይላል ድምፅ ማጉያው። አቶ ማቴዎስ ከነጃኬቱ መጥቶ አቀፈኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

"ጋሽ ማቴ፣ እኔ እኮ ..."

"ዝም በይ፣ ተንፍሺ!" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ዛሬ የሶዶ ልጅ ሆንሽ። የእኛ ልጅ ሆንሽ።"

ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። የከፈትኩትን አፍ ዘጋሁት።

ስድስት ደቂቃ ያህል ቆይታ ሁለተኛዋ ገባች። ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ይላል። መልኳን ያየሁት ያኔ ነው፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት። ዘነበች ትባላለች፣ ከጉኑኖ ናት ተባለ። መድረኩ ላይ ጎን ለጎን ስንቆም እጄን ጨብጣ ከሚገባው በላይ ያዘችው። "ሲስተር፣ እንኳን ደስ አለህ" አለችኝ። ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ዋንጫውን አየሁ።

ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪ ስገባ ድፎ ዳቦና ለስላሳ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ዋንጫ ይዤ የተነሳሁት ፎቶ ትልቅ ሆኖ ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ተለጥፏል። ስሜን የማያውቁ የጥበቃ ሠራተኞች ሳይቀሩ "ጥሩወርቅ! አንበሳ!" ይሉኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን ከፍቼ የሩጫ መለኪያውን አየሁ። አምስት ነጥብ ስምንት ኪሎ ሜትር ይላል። ግራ ቀኝ አየሁና አጠፋሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ራሴን "ያልተናገረች" እያልኩ አጽናና ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ማስረጃ ያጠፋች ሴት ሆንኩ።

ማክሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነበር። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ስለነበረ የአንድ ሽማግሌ ደም ቀድቼ ቱቦው ላይ የሌላ ሰው ስም ጻፍኩበት። ወዲያው ነቃሁና ወደ ውጭ ወጥቼ ጠራኋቸው።

"አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንደገና ደም መስጠት አለብዎት። ስም ተሳስቼ ጽፌበታለሁ።"

"እኔ ከቢጠና ነው የመጣሁት፤ ደም ለመስጠት ነው የመጣሁት?" አሉ። ቱቦውን ተቀብለው ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። "ይሄ የእኔ ደም ነው?"

"አዎ፣ የእርስዎ ነው።"

"ታዲያ ልጄ፣ ስሙን ቀይር እንጂ ደሙን ለምን ትቀይራለህ?"

ወረፋው ሳቀ። አሠራሩን አስረዳኋቸው፤ የተሳሳተ ስም የተጻፈበት ቱቦ ይጣላል፤ ካልተጣለ የአንዱ በሽታ ለሌላው ይሰጣል፤ በዚያ ስም ሌላ ሰው መድኃኒት ይውጣል አልኳቸው። እያስረዳሁ ሳለ ድምፄ ተሰበረ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው አዩኝና ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። "እሺ እሺ፣ ቅዳ። ለዚህ አይለቀስም" አሉኝ።

ረቡዕ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ዋንጫውን በፌስታል ይዤ በጉኑኖ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ቤቷን ማግኘት አልከበደኝም። ዘነበች ዳጣ ሠርታ ለሶዶ ምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት ናት፤ "የዳጣዋ ዘነበች" ስል ሁሉም አወቃት። ስደርስ ከደጃፏ ላይ ቃሪያና ዝንጅብል ትወቅጥ ነበር። ሽታው ገና ከአጥሩ ዓይኔን አስለቀሰው። አየችኝ፤ ሙቀጫው ላይ ያለው እጇ ቆመ። አልተነሳችም።

"ሲስተር" አለች። "ና ግባ።"

በርጩማ አቀረበችልኝ። ቦይና የሚባል የተቀቀለ ሥራ ሥር ከዳጣ ጋር ሰጠችኝ። እንግዳ ባዶ አፉን አይቀመጥም፤ ቢጠሉትም። እኔ ግን ሳልበላ ፌስታሉን ፊቷ አስቀመጥኩ።

"ዘነበች፣ ይሄ ያንቺ ነው። እኔ ትምህርት ቤቱን አልዞርኩም።"

ዋንጫውን አላወጣችውም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ታውቂያለሽ?"

"አንተ ቀጥ ብለህ ሄድክ። እኔ ከኋላ አየሁ። ጠራሁህ። 'ሲማ! ሲማ!' አልኩ። ሦስት ጊዜ።"

"'ስማ' ስትዪኝ ሰምቼ ነበር። ልታስቆሚኝ የፈለግሽ መስሎኝ ..."

"ላስቆም ነው!" አለች፤ ድምፅዋ ከፍ አለ። "'ስማ' አላልኩም። 'ሲማ' አልኩ። ሲማ በኛ ቋንቋ 'ተመለስ' ነው። መንገድ እዚህ ነው፤ ተመለስ አልኩ። ትንፋሽ የለኝም፤ ዳገት ነው፤ ለአንተ ብዬ ጮኽኩ።"

ከዳጣው ይሁን ከሌላ፣ እንባዬ ፈሰሰ። ስምንት ዓመት በሰዎች መሐል ኖሬ "ተመለሺ" የሚለውን ቃል አላውቀውም። ተፎካካሪዬ በዚያ ዳገት ላይ፣ አየር በሌለበት፣ የቀራትን ትንፋሽ ለእኔ ስታወጣ እኔ ሌባ አደረግኋት።

"ታዲያ ለምን ለዳኞቹ አልተናገርሽም?" አልኳት።

ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። "ማን ያምናል? እኔ ዳጣ ሻጭ ነኝ፤ አንተ ሲስተር ነህ። ድምፅ ማጉያው ስምህን ጠራ፤ ሰው አጨበጨበ። ለባሌ ነገርኩት። 'ሕልም አይተሽ ነው፤ ሁለተኛም ጥሩ ነው፤ ዝም በይ' አለኝ። እሱ ካላመነኝ ማን ያምናል?" ከዚያ ሙቀጫውን ወደ ራሷ ሳበች። "ልጅ ሆኜ ሐዋሳ ለውድድር ተመርጬ ነበር። አባቴ ዳረኝ። ቀረሁ። አሁን ደግሞ ቀረሁ። ሁለት ጊዜ።"

"ቡድኑ ቅዳሜ ነው የሚሄደው" አልኳት። "ነገ ጠዋት አብረን ወደ ኮሚቴው እንሂድ።"

አላመሰገነችኝም። ይቅር ብዬሃለሁም አላለችኝም። "እመጣለሁ" አለች፤ ወደ መውቀጧም ተመለሰች። ቦይናውን በላሁ፤ ዳጣው አፌን አቃጠለኝ፤ ውሃ አልጠየቅኳትም።

ሐሙስ ጠዋት የአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ክፍል ውስጥ ሁለታችንም ተቀመጥን። ሰብሳቢው ትሑት ሰው ናቸው። የሆነውን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ግንባራቸውን አሹ።

"ስም ለሐዋሳ ተልኳል" አሉ። "ባነሩም ታትሟል። ሲስተር፣ እኔ ኅሊናዎን አደንቃለሁ። ግን ነገሩን ለምን እናጮኸዋለን? አመመኝ ብለው ደብዳቤ ይጻፉ። እሳቸው ተጠባባቂ ሆነው በእርስዎ ቦታ ይሄዳሉ። እርስዎም አይዋረዱ፣ ውድድሩም አይነቀፍ፣ እሳቸውም ሐዋሳን ይዩ።"

እውነቱን ልናገር፤ ሐሳቡ ጣመኝ። ሁሉ ነገር ይስተካከላል፤ ፎቶዬም ኮሪደሩ ላይ ይቆያል። ወደ ዘነበች ዞርኩ። እሺ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሐዋሳ እኮ በእጇ ገባች!

እሷ ግን ለሰብሳቢው በወላይትኛ መናገር ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ሳትቆጣ፣ ረጅም ተናገረች። ሰብሳቢው ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

"ምን አለች?" አልኳቸው።

"'ሲስተር ታመመች ከተባለ እኔ ሐዋሳ እሄዳለሁ፤ ስመለስ ግን ለባሌ ውሸታም ሆኜ እመለሳለሁ' ትላለች። 'እንደዚያ ከሆነ አልሄድም' ትላለች።"

ወረቀት ጠየቅኩ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ በእጄ ጻፍኩ። በመጨረሻው መስመር ላይ፣ መሳሳቴን ያወቅኩት ውድድሩ ሳያልቅ መሆኑን ጨመርኩበት። ሰብሳቢው አንብበው "ይሄ እንኳ ባይጻፍ" አሉኝ። እሱ ካልተጻፈ ሌላው ሁሉ ምን ዋጋ አለው?

ዓርብ ከሰዓት ስታዲየሙ ውስጥ ለቡድኑ ሽኝት ተደረገ። ሃምሳ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል። ከሆስፒታል የመጡ አሉ፤ እኔን ሊሸኙ ነው የመጡት። ዘነበች ከቡድኑ ጀርባ ቆማለች። ከእሷ ራቅ ብሎ ባርኔጣ ያደረገ፣ እጁን ያጣጠፈ ረጅም ሰው አለ፤ ባሏ መሆኑን ሳይነግሩኝ አወቅኩ። ለአቶ ማቴዎስ ጠዋት ነግሬው ነበር። "ልተርጉምልሽ" ብቻ አለኝ።

ማይክ ያዝኩ።

"እሑድ አንደኛ የወጣሁት እኔ አይደለሁም" አልኩ። አቶ ማቴዎስ በወላይትኛ ደገመው። "ወፍጮ ቤቱ ጋ መታጠፍ ነበረብኝ፤ አልታጠፍኩም።" ደገመው። "ዘነበች ከኋላዬ ሆና ተመለሺ ብላ ጮኸችልኝ፤ ቋንቋውን ስለማላውቅ አልገባኝም። ቆይቶ ግን መሳሳቴ ገብቶኝ ነበር፤ ገብቶኝም ዝም አልኩ።" እዚህ ጋ አቶ ማቴዎስ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ይህንንም ደገመው። ኃፍረቴን በሁለት ቋንቋ ሰማሁት። በሁለተኛው ቋንቋ ሲነገር ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር አየሁ።

ማንም አላጨበጨበም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጭብጨባ የሚኖር ይመስለን ይሆናል፤ አልነበረም። ከሆስፒታል ከመጡት አንዷ "ወይ ጉድ" ስትል ሰማኋት። ዋንጫውን ሰብሳቢው ለዘነበች ሰጧት። ባርኔጣ ያደረገው ሰው በሕዝቡ መሐል አልፎ ወደ ሚስቱ ሄደ። ምን እንዳላት አልሰማሁም፤ ብዙ የተናገረም አይመስለኝም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ወስዶ እሱ ተሸከመው። ዘነበች ቀና ብላ አየችው።

ሐዋሳ ላይ ስንተኛ ወጣች ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አሥራ ስድስተኛ። ሙቀቱ እንደጎዳት ነገረችኝ፤ ደግሞም አዲስ ጫማ ተሰጥቷት እግሯን ልጧት ነበር። "ሐይቁን ግን አየሁ" አለችኝ።

የእኔ ነገር እንዲህ ሆነ። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ፎቶ ሰኞ ሲነጋ አልነበረም፤ ማን እንዳነሳው አልጠየቅኩም። አንዳንዱ "ማን ጠየቀሽ? ዝም ብትዪ ምን ነበረ?" አለኝ። አንዳንዱ ሰላምታውን አሳጠረ። አቶ ማቴዎስ ሁለት ሳምንት ያህል ከሥራ ጉዳይ በቀር አላነጋገረኝም። ከዚያ አንድ ቀን ከወንበሩ ሳይነሳ "ሳሮ" ብሎ ሰላም አለኝ፤ መልሱን እስክሰጠው ጠበቀኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሦስት ቃል ያስተምረኛል። አሁን ታካሚዬን ስሙን፣ የመጣበትን፣ የሚያመውን በራሱ ቋንቋ እጠይቀዋለሁ። እሳሳታለሁ፤ ወረፋው ይስቅብኛል፤ ያርመኛል።

እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ስህተት ምን እንደሆነ የማታውቁ አይመስለኝም። ሁላችንም አንገት ደፍተን በለመድነው መንገድ ቀጥ ብለን አልፈናል። እሱ ሰውኛ ነው፤ ማንም አይከስሰንም። ክሱ ያለው ስህተቱ ከገባን በኋላ በምንሄዳት መንገድ ላይ ነው። የእኔ መንገድ ከኮረኮንቹ መውጫ እስከ ስታዲየም ሁለት ኪሎ ሜትር ነበረ፤ ከዚያም አምስት ቀን። መጀመሪያ ላይ ለመመለስ አንድ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። በየቀኑ ዋጋው ጨመረ። እንዲህ ያለ ነገር ያላችሁ ካላችሁ ዛሬ ርካሽ ነው፤ ነገ ይወደዳል። ሌላው የተማርኩት ደግሞ፣ "የእኛ ልጅ" መባልን እንዴት እንደምናገኘው ነው። እኔ በድል አገኘሁት ብዬ ነበር። በድል የመጣው በአንድ ሳምንት ጠፋ።

ባለፈው ወር ዘነበች አማቷን ይዛ ወደ ላብራቶሪ መጣች። ወረፋው እስከ ደጃፉ ደርሷል። ስታየኝ ከሩቅ እጇን አነሳች፤ እኔም ስሟን ጠርቼ ሰላም አልኳት። አጠገቧ የተቀመጠች አንዲት ሴት "ሲስተርን ከየት ታውቂያታለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

ዘነበች ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ሁሉ በሚሰማት መልኩ፣ በዚያው በራሷ አማርኛ፣

"ሰርቆኝ ነበር" አለች። "መልሷል። አሁን ጓደኛዬ ነው።"

ወረፋው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴ ጋለ፤ ግን አንገቴን አልደፋሁም። የአማቷን ክንድ በእጄ ይዤ፣ ቱቦውን አንስቼ፣ በወላይትኛ ስማቸውን ጠየቅኳቸው።